እንቅልፋሙ

አባቴ ስልክ የሚያወራው ድምፁን ለሰፈሩ ሁሉ ከፍቶ ነው። ጆሮው ከደከመ ወዲህ ላውድ ላይ ካላደረገ አይሰማውም፤ ስለዚህ እኛ ቤት ምስጢር የሚባል ነገር ከቀረ ቆየ። ያን ቅዳሜ ጠዋት ግን ገበያ የሄድኩ መስሎታል። አልሄድኩም። ጓሮ፣ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተንበርክኬ ጭድ እየገለጥኩ ነበር። ከራሴ በላይ ያለው የመኝታ ቤቱ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ የወንድሜ የገላና ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ጥርት ብሎ ይወጣል። "ብዙ ማውራት አይጠበቅብህም አባዬ። ጋሽ ወዬሳ ይጠይቁሃል፤ አንተ 'ደርቋል' ትላለህ። በቃ። አንዲት ቃል ናት።" አባቴ ሲያመነታ ጉሮሮውን የመጥረግ ልማድ አለው፤ ጠረገው። ገላና ቀጠለ፤ "ልጆቹ ደግሞ አያታችንን መቼ ነው የምናየው እያሉ አስቸግረውናል። ነገሩ ካለቀ ለፋሲካ እዚያው ነን።" አባቴ "እሺ" አለ። ቀጥሎ "ለፋናስ?" ብሎ ጠየቀ። "ለፋና ምን ይነገራታል? እሷ ቅጠሏን ትኮትኩት" አለና ገላና ሳቀ። አባቴም ሳቀ። ለወጉ ያህል የተሳቀች ትንሽ ሳቅ ነበረች፤ ግን ሳቀ።

ፋና እኔ ነኝ። "ቅጠሏ" የተባለው ደግሞ አስፓራገስ ነው፤ አዳማ ውስጥ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ሳህን ላይ ካልሆነ ብዙ ሰው አያውቀውም። ያን "እሺ" ስሰማ ጭዱን የገለጠው እጄ እንዳለ ቀረ። ከጭዱ ሥር አንዲት ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቃ ወጥታ ነበር። ውፍረቷ አውራ ጣቴን ያህላል፤ ጫፏ ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ ሹሩባ ጥብቅ ብሎ ተጎንጉኗል። ራቅ ብሎ ሌላ አለ፤ ከእሱ አጠገብም አፈሩን ገና ከፍ ያደረገ ሌላ። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ፎቶ አንስቼ ለሑስና በቴሌግራም ልኬላት ነበር። ሑስና የአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ኃላፊ ናት፤ ይህን ነገር ከአዲስ አበባ የምታስመጣው የበግ ሥጋን በሚያስንቅ ዋጋ ነው፣ ያውም ግማሹ መንገድ ላይ ጠውልጎ ይደርሳታል። "ማሻአላህ! አንድም እንዳትሸጪ፣ ሁሉም የእኔ ነው" የሚል የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። እሱን ደግሜ ልሰማ ስል ነው ወንድሜ ከመስኮቱ ውስጥ መናገር የጀመረው።

ተክሉን ያመጣሁት ከመቂ ነው። የምሠራበት የአትክልት እርሻ ሲዘጋ፣ ሊጣል ከተነቀለው ሥር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጠቅጥቄ በሚኒባስ ጭኜ ገባሁ። ሥሩ ሲያዩት የሸረሪት እግር ይመስላል፣ ምንም አያምርም። ገላና ያን ጊዜም ጓሮው ላይ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚከራዩ ክፍሎች መሥራት ይፈልግ ነበር። አባቴ ግን ሥራ ፈትቼ ስመጣ አዘነልኝ መሰለኝ፣ የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ወዬሳን ጠርቶ፣ እጁን አፈሩ ላይ ጭኖ ጸለየልኝ። "ልጄ የተከለችው ሕይወት እስካለው ድረስ ይህን መሬት ማንም አይነካባትም" አለ። ጋሽ ወዬሳ "አሜን" አሉ። እኛ ቤት ደግሞ በጸሎት የተባለ ነገር ማኅተም ካለው ወረቀት ይበልጣል። ገላና አኩርፎ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ደጃችንን አልረገጠም፣ ልጆቹንም አላመጣም። ኋላ ሲገባኝ አባቴ ተክሉ እንደ ጎመን አንድ ክረምት በቅሎ የሚያልቅ መስሎት ኖሯል። አስፓራገስ በደንብ ከያዙት ሃያ ዓመት እንደሚኖር ስነግረው "እንግዲያማ እኔን ይቀብረኛል በይኛ!" ብሎ ሳቀ።

አስፓራገስ ትዕግሥት ይፈልጋል። በመጀመሪያው ዓመት ቡቃያው አይነካም፤ በሁለተኛውም አይነካም። ዝም ሲሉት ያድግና እንደ ላባ የሳሳ ቅጠል አውጥቶ ሥሩን ይቀልባል። የሚቆረጠው በሦስተኛው ነው፤ ያኔም ወፍራም ወፍራሙ ብቻ ነው፣ ቀጫጭኑ ለሥሩ ይተውለታል። ከሁሉ የሚያስጨንቀው ደግሞ ማስተኛቱ ነው። ብርድ ባለበት አገር በራሱ ጊዜ ይተኛል አሉ፤ አዳማ ላይ ብርድ ከየት ይምጣ? ስለዚህ በበጋ ውሃ እከለክለዋለሁ። ዘንድሮም ከኅዳር ጀምሮ ጠብታ አላቀመስኩትም። ራሴን ያልፍ የነበረው አረንጓዴ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቡናማ ሆነ፤ ነፋስ ሲነካው እንደ ወረቀት ይንኮሻኮሽ ጀመር። ያየኝ ሁሉ አዘነልኝ። የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድ በአንድ አስረድቼዋለሁ። የማዶው ባለሱቅ ሱሩር በአጥሩ በኩል "ቲቸር፣ የፋና አትክልት ሞተ እንዴ?" ሲለው "ተኝቷል እንጂ አልሞተም፣ እንቅልፋም ስለሆነ ነው" ብሎ የመለሰለትም እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ የተክሉ ስም እንቅልፋሙ ሆኖ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋው ሳይወርድ "እንቅልፋሙ አልነቃም?" ይለኝ ነበር። በቅርቡ ደረቁን ቅጠል አጭጄ አጥሩ ሥር ከመርኩት፤ መደቡን ፍግ አለበስኩት፣ ጭድ ጎዘጎዝኩበትና ውሃ ለቀቅኩበት። ያን ጠዋት ነቃ።

ተነስቼ እጄን ታጠብኩ። መጮህ ይቻል ነበር። ግን ሰው አባቱን በመስኮት በኩል አይከስም፤ ደግሞም "እሺ" ያለው የልጅ ናፍቆት ይዞት ነው፣ ሰው ፊት ሲሆን አያደርገውም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረ፣ ተማሪ ሲኮርጅ ከያዘ ለቀናት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ነው። እንቁላል ጠብሼ፣ ሻይ አፍልቼ ሳሎን ገባሁ። ሳሎናችን ጠባብ ናት፤ እናታችን በሕይወት ሳለች በዳንቴል የሸፈነቻቸው ሶፋዎች እስከ ዛሬ አልተገለጡም፣ ግድግዳው ላይ የገላና የምርቃት ፎቶ በትልቁ ተሰቅሏል። የእኔ የለም። ተመርቄያለሁ፣ ፎቶው ግን ቁም ሣጥን ውስጥ ነው።

"አባዬ፣ እንቅልፋሙ ነቃ" አልኩት።

ፊቱ በራ። እውነቴን ነው፣ እንደ ልጅ ነው የበራው፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ ሊነሳ ሁለቱን እጆቹን ጉልበቱ ላይ ጫነ። ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስል ተመልሶ ተቀመጠ።

"ለሰው አሳይተሻል?" አለኝ።

"ለሑስና ፎቶ ልኬላታለሁ።"

"ለቤት ሰው ማለቴ ነው።"

"ቤት ያለነው አንተና እኔ ነን አባዬ።"

ጉሮሮውን ጠረገ። እንቁላሉን በዳቦ እየጠቀለለ፣ እኔን ሳያይ፣ ጋሽ ወዬሳ እንደሚመጡ ነገረኝ። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው "እንዲሁ፣ ለጸሎት ነው። ገላናም ይመጣል። ደህና ምሳ ሥሪልን፣ ኢንተላ ኮ" አለ። "ልጄ" ማለቱ ነው። በኦሮምኛ የሚጠራኝ ወይ ሲያመው ነው፣ ወይ አንድ ነገር ሲፈልግ። አልታመመም ነበር።

ባጃጅ ይዤ ገበያ ወረድኩ። ሥጋ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ ገዛሁ፤ ሽንኩርት ዋጋው ያስደነግጣል፣ ባለሱቋም "ምን ላድርግ እህቴ፣ ከመቂ የሚጭኑት ናቸው የሚሰቅሉት" አለችኝ። ከመቂ ከሚጭኑት አንዱ ወንድሜ እንደሆነ አልነገርኳትም። ስመለስ መታጠፊያችን ላይ ጥቁር ድንጋይ የጫነ ሲኖትራክ ቆሟል፤ ሹፌሩ እግሩን በመስኮት አውጥቶ ተኝቷል። ማን ሊሠራ ነው ብዬ አሰብኩ፤ በሰፈራችን የማይሠራ ሰው የለምና ብዙም አልገረመኝም። ሽንኩርቱን ስከትፍ አለቀስኩ፤ የሽንኩርት ነው ብዬ ተውኩት። ወጡ እስኪበስል ድረስ በሐሳቤ አባቴን ስከስና ስፈታው ቆየሁ። ስከሰው ያቺ ሳቅ ትመጣብኛለች። ስፈታው ደግሞ ፊቱ እንዴት እንደበራ ይታየኛል። መጨረሻ ላይ ፈታሁት። በዓይኑ ላይ ያን ብርሃን ያየሁበት ሰው "ደርቋል" ሊል አይችልም አልኩ።

ገላና ከሚስቱ ከሜሪ ጋር መጣ፤ ኬክ ይዘዋል። አባቴ በር ድረስ ወጥቶ ተቀበላቸው፤ አቅፎ ከሳማቸው በኋላ አንገቱን አስግጎ ከኋላቸው መኪናው ውስጥ ተመለከተ። ሜሪ ገብቷት "ልጆቹ ጥናት አለባቸው አባባ፣ በሌላ ጊዜ" አለች። "አዎ፣ ጥናት ይቀድማል" አለ አባቴ፤ እጁን ግን መኪናው ጣሪያ ላይ አሳርፎ ጥቂት ቆመ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜም አሳዘነኝ። ከዚያ ጋሽ ወዬሳ ደረሱ፤ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ከባጃጅ ሲወርዱ ጉልበታቸውን ይዘው። "አከም ጅርቱ" ተባባልን፣ ጤና ተጠያየቅን፣ ምሳ ቀረበ። ገላና ስለ ሲሚንቶ አወራ፣ ስለ ነዳጅ ወረፋ አወራ፤ መቂ ላይ ቲማቲም ሜዳ ላይ ሲበሰብስ አዲስ አበባ ላይ እንዴት በወርቅ ዋጋ እንደሚሸጥ አወራ። ወንድሜ ተጫዋች ነው፣ ሰው ይወደዋል፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእሱ ሳይሆን አይቀርም። ለእኔ "ወጡ ይጣፍጣል" አለኝ። በዚያን ቀን እስከዚያ ድረስ የነገረኝ ይህንኑ ብቻ ነው። አባቴ ብዙ አልበላም። እየቆረሰ ለገላና ያጎርሰዋል፤ ትልልቁን ሥጋ እየመረጠ፣ በሁለት ዓመት ያላጎረሰውን ሁሉ በአንድ ምሳ ሊያካክስ ይመስል።

ጋሽ ወዬሳ እጃቸውን ታጥበው ሶፋው ላይ ተደላደሉ። "እንግዲህ፣ ገላና ጠርቶኝ ነው የመጣሁት" አሉ። "እዚህ ቤት የተባለ ቃል ነበረ፤ አሜን ያልኩበትም እኔ ነኝ። ቃል እንደ ጋቢ አይታጠፍም። የተከለችው ሕይወት እስካለው ድረስ ነው የተባለው። ገላና ተክሉ ከሞተ ቆይቷል፣ መሬቱ ባዶውን ተቀምጧል ይለኛል። እኔ በሰው አፍ አልፈርድም" ብለው ወደ አባቴ ዞሩ። "ኢተፋ፣ ግቢው ውስጥ የምትኖረው አንተ ነህ። ተክሉ አለ ወይስ የለም?"

ሜሪ የኬኩን ካርቶን መክፈት አቆመች። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ላይ የሳህን ፎጣ ይዤ ቆሜ ነበር፤ ስልኬ በሹራቤ ኪስ ውስጥ አለ፣ ፎቶው ስልኬ ውስጥ አለ፣ ቡቃያዋ ከግድግዳው ወዲያ አለች። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ደርቋል" አለ። ቀጥሎም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ከኅዳር ጀምሮ ደርቋል" አለ።

ይህ ሁለተኛው ቃል ትርፍ ነበር። ገላና እንኳ አላዘዘውም። ውሃ የከለከልኩበትን ወር፣ እኔው በርጩማው አጠገብ ተንበርክኬ ያስተማርኩትን፣ ውሸቱን አጥብቆ እንዲይዝለት ወስዶ ቸነከረበት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲሉ እሰማ ነበር፤ ወድቄ አላውቅም ነበርና አልገባኝም ነበር።

ጋሽ ወዬሳ ወደ እኔ ዞሩ። "ፋና ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?"

ስልኩን ማውጣት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ከዚያስ? ቲቸር ኢተፋ፣ ግማሽ አዳማን ያስተማረው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ፊት በገዛ ልጁ ስልክ ውሸታም ይሆናል። እሑድ የሚቀመጥበት ወንበር ይጠበዋል። እኔ መሬቱን ፈልጌያለሁ፤ በአባቴ ክብር ልገዛው ግን አልቻልኩም። ሌላም ነገር ነበር፣ አሁን ሳስበው ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው፤ ራሱ እንዲለው ፈልጌ ነበር። ልክ እንደ ጠዋቱ ፊቱ በርቶ "ቆይ ወዬሳ፣ ተሳስቻለሁ" እንዲል።

"አባዬ ካለ እኔ ምን እጨምራለሁ" አልኩ። "አባዬ አይዋሽም።"

ይህን ስል ዓይን ዓይኑን እያየሁት ነበር። ቃሉ ይወጋዋል፣ ከመቀመጫው ያስነሳዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን ወደ ሜሪ ዞሮ ውሃ እንድትቀዳለት ጠየቃት። ሜሪ የውሃው ጀግ የት እንዳለ አታውቅም፤ በቤታችን ምን የት እንደሚቀመጥ አታውቅም። ውሃውን ያመጣሁለት እኔ ነኝ።

ጋሽ ወዬሳ ለማንኛውም በዓይኔ ልየው ብለው ሁላችንም ጓሮ ወጣን። ገላና አጥሩ ሥር የተከመረውን ደረቅ ቅጠል በእግሩ ነካ አድርጎ "ይኸውላችሁ" አለ። ክምሩ ተንኮሻኮሸ። መደቡ በጭድ ተሸፍኗል፣ ለማያውቅ ሰው ባዶ መሬት ነው። እኔ ቀደም ብዬ ሄጄ ከቡቃያዋ በላይ ቆምኩ፤ ሰው እንዳይረግጣት በሁለት እግሮቼ መካከል አደረግኳት። ለምን እንደዚያ እንዳደረግኩ አላውቅም፤ ቀድሞውኑ የተፈረደባት ናት። ጋሽ ወዬሳ ባርኔጣቸውን አወለቁና "ሁሉም ለጊዜው ነው፤ በሉ እንጸልይ" አሉ። ስለ ቤቱ ሰላም፣ ስለ ተመለሰው ልጅ፣ ስለሚሠሩት ክፍሎች ጸለዩ። ሁሉም ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ያልጨፈንነው እኔና አባቴ ብቻ ነን። እግሬን አየ። በጫማዎቼ መካከል ጭዱ ገለጥ ብሎ ያቺ ወይን ጠጅ ጫፍ ወጥታለች። ቀና ብሎ እኔን አየኝ፣ ተመልሶ እሷን አያት። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነና ከሁሉም ጮክ ብሎ "አሜን" አለ።

ጋሽ ወዬሳን በባጃጅ ሸኘናቸው። ባጃጇ ከመታጠፊያው ሳትሰወር ገላና ስልኩን አውጥቶ "ግባ" አለ። ሲኖትራኩ ተነሳ። ያ ጠዋት ያየሁት፣ ሹፌሩ እግሩን አውጥቶ የተኛበት። ማንም ማንንም ሳይጠይቅ፣ ወጤ ሳይበስል፣ እኔ በሐሳቤ አባቴን ስፈታ፣ ድንጋዩ ተጭኖ መታጠፊያችን ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ወደ አባቴ ዞርኩ፤ ወደ ቤት እየገባ ነበር። ሮጬ ወጥ ቤት ገባሁና ቢላዋ ይዤ ወጣሁ። ሜሪ "በኢየሱስ ስም!" ብላ ወደ ኋላ አለች፤ ምን እንደመሰላት አላውቅም።

"ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ ታገሰኝ" አልኩት ሹፌሩን። ሰውየው ጨዋ ነበር፣ ሞተሩን አጠፋልኝ። ጭዱን በሁለት እጄ እየጠረግኩ ቆረጥኩ። ወፍራሙንም ቀጭኑንም፣ የወጣውንም አፈር ውስጥ ያለውንም። ሁለት ዓመት ሙሉ "ቀጭኑ አይቆረጥም፣ ለሥሩ ነው" ስል የኖርኩት ሰው ጣቴን እያስገባሁ ቆፍሬ ቆረጥኩ። ሥሩን ነቅዬ ላውጣ ብልስ የት ልተክለው? ሽርጤ እስኪያዝ ድረስ ሰበሰብኩ። ቀና ስል ገላና ከበላዬ ቆሟል። አረንጓዴውን አየው።

"ይሄ ምንድነው?" አለ።

"የደረቀው ነው" አልኩት።

ቢያፍር ደስ ይለኝ ነበር። አላፈረም፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። "ፋና፣ ነገር አታክብጂ። ክፍሎቹ ሲያልቁ ኪራይ የምትሰበስቢው አንቺ ነሽ፤ ሥራ ሆነልሽ ማለት ነው" አለ። ከዚያ ለሹፌሩ እጁን አወዛወዘ። መኪናው ወደ ኋላ ገባ፣ ጀርባው ቀና አለ፣ ድንጋዩ ወረደ። የማዶው ሱሩር ከሱቁ ወጥቶ በአጥሩ በኩል ይመለከት ነበር። አቧራው ሲጠፋ ወደ ውስጥ ተመለሰ። ሑስና ደጋግማ ደወለች። አላነሳሁላትም።

ገላናና ሜሪ ኬኩ ሳይቆረስ ሄዱ፤ ግንበኞቹ ሰኞ እንደሚመጡ ነግረውን ነው የሄዱት። ፀሐይ ስትጠልቅ አባቴ ሳሎን ብቻውን ተቀምጦ ነበር፣ ቴሌቪዥኑን ድምፁን አጥፍቶ ከፍቶታል። እኔ ወጥ ቤት ነኝ። በእሱና በእኔ መካከል አንድ መጋረጃ ነው ያለው፤ ሲተነፍስ ይሰማኛል፣ እሱም የእኔን ዕቃ መንኳኳት ሳይሰማ አይቀርም። ሌላ ቀን ቢሆን "ምን እየሠራሽ ነው?" ይል ነበር። ቡቃያዎቹን አጠብኳቸው። ሑስና በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በጨው ብቻ፣ ብዙ ሳይበስል ነው የሚበላው ብላኝ ነበር። እንዳለችኝ አደረግኩ። ቀለማቸው ይበልጥ አረንጓዴ ሆነ፣ ቤቱ ከዚህ በፊት አሽትተነው የማናውቀው ሽታ ሸተተ። ከመጥበሻው ላይ ወፍራም ወፍራሙን መርጬ በሳህን አድርጌ፣ ሹካ ጨምሬ ፊቱ አስቀመጥኩለት።

ሳህኑን አየ። ብዙ አየው። ሹካውን አንስቶ አንዷን ከጫፏ ቆረጠና አፉ ውስጥ አደረገ፣ ቀስ ብሎ አኘከ። ቆሜ እጠብቀው ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባላል፤ እኔ ወርቅ ነኝ አልልም፣ ግን በእጁ ላይ ነበርኩ። ይቅርታ እንኳ አልፈለግኩም። ስሜን ብቻ ቢጠራኝ ይበቃኝ ነበር።

"ይጣፍጣል" አለ።

"እንቅልፋሙ ነው አባዬ" አልኩት። "ደርቋል ያልከው። ብላ።"

ሹካው ሳህኑ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ሊጠርግ ሞክሮ አቃተው፤ አፉ ውስጥ ምግብ ነበር። ዓይኖቹ እርጥብ መሰሉኝ፣ የቴሌቪዥኑ ብርሃንም ሊሆን ይችላል። አኝኮ ዋጠ። ሁለተኛዋን ወጋ፣ ሦስተኛዋን ወጋ። ሳህኑን ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቀና ሳይል ተናገረ።

"ለገላና ትንሽ አስቀሪለት" አለ። "ቀምሶት አያውቅም።"

ወጥ ቤት ተመለስኩ። ቀጫጭኖቹ መጥበሻው ላይ ነበሩ፣ ገና ሙቅ ናቸው። በጣቴ አንዷን አነሳሁ። እኔም ቀምሼው አላውቅም ነበር። እርሻው ላይ ስሠራ ለውጭ አገር የሚላክ ስለነበር አይነካም፤ እዚህ ደግሞ ለሥሩ ብዬ አልነካሁትም። ጣፋጭ ነው፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይመራል። መጥበሻው ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ቆሜ፣ አንድ በአንድ በላሁት፤ ነጭ ሽንኩርቱን ሳይቀር በዳቦ ጠርጌ በላሁት።

"አስቀመጥሽለት?" አለ አባቴ ከመጋረጃው ወዲያ።

"አዎ አባዬ፣ አስቀምጬለታለሁ" አልኩት፣ ባዶውን መጥበሻ እያጠብኩ።